ሉፕ ቮልቴጅ ዜሮ ከደረሰ በኋላ ለምን ይመለሳል? የቶካማክ ከረንት በረጅም ሾት

ቶሮይድ_5፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ መካከለኛ መጠን ባለው ሱፐርኮንዳክተር ቶካማክ (ፕላዝማን በማግኔት መስክ በቀለበት ቅርጽ የሚይዝ የፊውዥን ማሽን) ላይ ነው። ትልቁ ሬዲየስ 1.85 ሜትር፣ ትንሹ 0.45 ሜትር፣ የቶሮይድ መስኩ (በቀለበቱ ዙሪያ የሚሄደው) 2.5 ቴስላ፣ የፕላዝማው ከረንት 500 ኪሎአምፔር ነው። አማካይ እፍጋቱ 3 × 10¹⁹ በኪዩቢክ ሜትር፣ የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት በአማካይ 2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ። ከረንቱን በዋናነት የሚነዳው 4.6 ጊጋኸርዝ ሎወር ሃይብሪድ ሞገድ (ኤሌክትሮኖችን የሚገፋ ማይክሮዌቭ) ሲሆን አንቴናው ትይዩ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱን (ሞገዱ በመስክ መስመሩ አቅጣጫ ከብርሃን ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር) 2.04 ላይ አድርጎ ይለቃል። በተጨማሪ 140 ጊጋኸርዝ ጋይሮትሮን (ኤሌክትሮኖችን የሚያሞቅ የማይክሮዌቭ ምንጭ) አለ፤ እስካሁን ለማሞቂያ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

2.1 ሜጋዋት ሎወር ሃይብሪድ ሲገባ ሉፕ ቮልቴጁ (ሶሌኖይዱ ከረንቱን ለመንዳት በቀለበቱ ዙሪያ የሚሰጠው ቮልቴጅ) ወርዶ ዜሮ ላይ ይቀመጣል። እስከ 40ኛው ሰከንድ አካባቢ ሁሉም ጸጥ ይላል። ከዚያ ማንም ምንም ሳይነካ ቮልቴጁ ወደ 30 እና 40 ሚሊቮልት ቀስ ብሎ ይወጣል፣ የመካከለኛው ሶሌኖይድ (እንደ ትራንስፎርመር የሚሠራው ጥቅልል) ከረንትም እንደገና መጓዝ ይጀምራል። በዚያው ሦስት ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ፍለክሱ (ሶሌኖይዱ የሚሰጠው፣ በቮልት ሰከንድ የሚለካው የማግኔት ፍሰት) ያልቅና ሾቱ (አንዱ የፕላዝማ ሙከራ) ይዘጋል።

መፍትሔው ኃይል መጨመር ብቻ ነው? ወይስ መጀመሪያ የታየው ዜሮም እውነተኛ ዜሮ አልነበረም? ከየት ተነስቶ መፈለግ እንደሚሻል ንገሩኝ።


ቮልት_ሰከንድ፦

ቁጥሮቹን ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ ቁጥር የሌለበት ጥያቄ ሲበዛ ነው የምናየው። ከሒሳቡ እንነሳ፣ ግማሹ መልስ እዚያው ተቀምጧል።

መጀመሪያ ፍለክሱ። ከረንቱን ከዜሮ ወደ 500 ኪሎአምፔር ለማድረስ የሚያስፈልገው ኢንዳክታንሱ በከረንቱ ሲባዛ ነው። ቁርጡ ክብ ነው ብለን ብንገምት የዚህ ፕላዝማ ኢንዳክታንስ 4.6 ማይክሮሄንሪ አካባቢ ስለሚመጣ 2.3 ቮልት ሰከንድ ይወስዳል። ከረንቱ እያደገ ሳለ በሬዚስታንስ የሚቃጠለው ደግሞ፣ የኤጂማ ቋሚን (ይህን ብክነት የሚገምተውን ቁጥር) 0.4 ካልን፣ ወደ 0.5 ቮልት ሰከንድ ነው። ሶሌኖይዱ በጠቅላላው 10 ቮልት ሰከንድ አለው እንበል፤ 7.2 ይተርፋል። ይህ ትርፍ በ0.5 ቮልት 14 ሰከንድ ብቻ ይሄዳል። በ40 ሚሊቮልት 180 ሰከንድ ይሄዳል፣ ማለትም እርስዎ ያዩት ሦስት ደቂቃ። ሾቱ 1000 ሰከንድ እንዲቆይ ከተፈለገ ግን አማካዩ ከ7 ሚሊቮልት መብለጥ የለበትም። ስለዚህ «ዜሮ» ሲባል የሚንቀጠቀጠውን መስመር በዓይን አይቶ መፍረድ አይበቃም። የደቂቃ አማካይ ወስዶ በጥቂት ሚሊቮልት ደረጃ መናገር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ኃይሉ። የሚያስፈልገው ሜጋዋት ከእፍጋቱ (በ10²⁰ አሃድ)፣ ከትልቁ ሬዲየስ (በሜትር) እና ከሚነዳው ከረንት (በሜጋአምፔር) ብዜት ይመጣል፤ ያ ብዜት ለመንጃው ብቃት ይካፈላል። በዚህ ሙቀት ለሎወር ሃይብሪድ 0.1 ምክንያታዊ ግምት ነው። ፕላዝማው በራሱ ግፊት የሚፈጥረው የቡትስትራፕ ከረንት 25 በመቶውን ይሸፍናል ብንል ለሞገዱ 375 ኪሎአምፔር ይቀራል። 0.3 ሲባዛ 1.85 ሲባዛ 0.375፣ ለ0.1 ሲካፈል 2.1 ሜጋዋት ነው። የምታስገቡት ልክ ያንኑ ነው! መጠባበቂያ የሚባል ነገር የለም፤ ልብሱ በልክ ተሰፍቷል፣ ትንሽ ከወፈሩ ይቀደዳል።

አሁን እፍጋቱን ከ3 ወደ 4 × 10¹⁹ ከፍ አድርገው ያስሉት። ያው 2.1 ሜጋዋት የሚነዳው 284 ኪሎአምፔር ብቻ ይሆናል። የጎደለውን 90 ኪሎአምፔር ትራንስፎርመሩ መሙላት አለበት። የፕላዝማው ሬዚስታንስ በ2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት 0.36 ማይክሮኦም ገደማ ስለሆነ 33 ሚሊቮልት ይወጣል። ከታየው ጋር ይገጥማል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የኢንተርፌሮሜትሩ (እፍጋትን በጨረር የሚለካው መሣሪያ) መስመር ነው። እዚያ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ፍሪንጅ (መሣሪያው የሚቆጥረው የጨረር ዑደት) ከዘለለ እፍጋቱ የወረደ ወይም የቆመ መስሎ ይታያል። ከሌላ መስመር ወይም ከቶምሰን መለኪያ (በሌዘር ብርሃን መበተን ከሚለካው) ጋር ያስተያዩት። እፍጋቱ በእውነት ያልተንቀሳቀሰ ከሆነ ወደ ባዕድ አተሞች ይዙሩ፤ የሞገዱ ብቃት 5 ሲደመር ውጤታማ ቻርጅ (ባዕድ አተሞች ሲበዙ የሚያድገው የአየኖቹ አማካይ ቻርጅ) ለሚባለው ድምር በተገላቢጦሽ ነው የሚሄደው። ውጤታማ ቻርጁ ከ2 ወደ 3.5 ቢወጣ ብቃቱ 18 በመቶ ይወርዳል፣ ሬዚስታንሱም አብሮ ይጨምራል። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ነው የሚጎዱት።


ግሪል፦

ከላይ ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ «ብቃቱ ከእፍጋት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል» የሚለው ለዚህ ማሽን ቸር ግምት ነው። ሞገዱ ወደ መሃል የሚደርሰው ትይዩ ኢንዴክሱ ከአንድ ወለል በላይ ከሆነ ብቻ ነው። ለ2.5 ቴስላና ለዲዩተሪየም፣ የማዕከሉ እፍጋት 3 × 10¹⁹ ሲሆን ወለሉ 1.91 ነው፤ 2.04 ያልፋል። እፍጋቱ 4 × 10¹⁹ ሲደርስ ወለሉ 2.08 ይሆናል፤ 2.04 አያልፍም። ሞገዱ ከማዕከሉ በፊት ወደ ሌላ ዓይነት ሞገድ ተለውጦ ወደ ዳር ይመለሳል። ለመሃል የታሰበው ኃይል እዳር ላይ እየተመላለሰ በግጭት ይባክናል። የማዕከል እፍጋት ደግሞ ከመስመራዊው አማካይ ስለሚበልጥ ወለሉ የሚሰበረው ኢንተርፌሮሜትሩ 4 ከማለቱ በፊት ነው።

ማረጋገጫው ጠንካራ ኤክስሬይ ነው። ከ60 እስከ 80 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ክልል የሚቆጠረው ምልክት የፈጣን ኤሌክትሮኖች ምስክር ነው። እፍጋቱ በሲሶ ጨምሮ ምልክቱ በዚያው መጠን ብቻ ከወረደ የቮልት_ሰከንድ ሒሳብ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከወደቀ፣ በተለይ የመሃል መስመሮቹ ወድቀው የዳሮቹ ከቆዩ፣ ሞገዱ እየገባ አይደለም። በአሜሪካው ቶካማክ በአልካተር ሲ-ሞድ ላይ እፍጋቱ ወደ 10²⁰ ሲጠጋ ምልክቱ ከተጠበቀው በብዙ እጥፍ መውደቁ በሰፊው ይታወቃል፤ እዚያ ጥፋተኛው በዋናነት የዳሩ ፕላዝማ ነበር።

መስኩን ማሳደግ ይረዳል? አዎ። በ2.7 ቴስላ ያው 4 × 10¹⁹ ወለሉን 1.99 ያደርገዋል፣ ሞገዱም ያልፋል። ነገር ግን 140 ጊጋኸርዝ በሁለተኛ ሃርሞኒክ (ኤሌክትሮኖች በመስኩ ከሚዞሩበት ድግግሞሽ እጥፍ) የሚገጥመው 2.5 ቴስላ ላይ ነው። መስኩን ወደ 2.7 ስታሳድጉ መግጠሚያው ወደ ውጭ 15 ሴንቲሜትር ይሸሻል፤ ይህ አሁንም ይቻላል። 3 ቴስላ ካደረጋችሁት ግን 37 ሴንቲሜትር ሄዶ ዳር ላይ ይለጠፋል፣ ጋይሮትሮኑም ለማዕከሉ አይጠቅምም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

ስለ አንቴናው ደግሞ፦ በ4.6 ጊጋኸርዝ ሞገዱ ከሞገድ መሪ ቱቦዎቹ አፍ ለመውጣት ከፊት ለፊቱ ቢያንስ 2.6 × 10¹⁷ እፍጋት ይፈልጋል። የዳሩ እፍጋት በየጥቂት ሴንቲሜትሩ ቶሎ ስለሚቀንስ ክፍተቱ በ1 ሴንቲሜትር ቢሰፋ የሚመለሰው ኃይል ወዲያው ይታያል። ከ5 በመቶ በታች መልካም ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን መከላከያው ክላይስትሮኖቹን (የሞገዱን ኃይል ምንጮች) ማቋረጥ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው አንቴናው አጠገብ ትንሽ ዲዩተሪየም መርጨት ነው። በዚህ ሾት ላይ ግን ያ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ የተረጨው ጋዝ መሃል ገብቶ የተጣላችሁትን እፍጋት ራሱን ይጨምራል። መርጨት ግድ ከሆነ ከአንቴናው ጋር በአንድ የመስክ መስመር በተያያዘ ቫልቭ፣ በትንሹ፣ የሚመለሰውን ኃይል እያዩ ብቻ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። አንቴናው አፍ ላይ ራሱ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ይፋጠኑና በመስክ መስመሩ ተጉዘው ሩቅ ያለ ክፍል ላይ ትኩስ ነጥብ ይሠራሉ። የኢንፍራሬድ ካሜራ አንቴናውን ብቻ ሲያይ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ የሚቃጠለው ግን በመስመሩ ሌላኛው ጫፍ ያለው ሊሚተር (የፕላዝማውን ዳር የሚገድበው ክፍል) ነው።


ደሴት፦

የሁለቱም ሒሳብ ልክ ነው። ነገር ግን «የጎደለው 0.7 ሜጋዋት ነው፣ ጨምሩት» ወደሚል መደምደሚያ ከወሰደ አልስማማም።

ሉፕ ቮልቴጁ የሚለካው ዳር ላይ ነው፤ ስለ ውስጡ የሚነግረን ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ሞገዱ አንድ ቦታ ላይ ከረንት ሲጨምር ፕላዝማው እዚያው ተቃራኒ ኤሌክትሪክ መስክ ፈጥሮ ለጊዜው ይቋቋማል። ያ መስክ የሚሟሟው ከረንቱ በሬዚስታንስ እስኪሰራጭ ነው። ለእናንተ ፕላዝማ፣ ሬዚስቲቪቲው 2 × 10⁻⁸ ኦም ሜትር ገደማ ከሆነ፣ ይህ ጊዜ 2 ሰከንድ አካባቢ ነው። ስለዚህ በ5 ሰከንድ ሾት ላይ የታየ ዜሮ ምንም አያረጋግጥም፤ ከ7 እና 8 ሰከንድ በኋላ የቆየ ዜሮ ግን ከከረንት ስርጭት አንፃር እውነተኛ ነው። «መጀመሪያውም ዜሮ አልነበረም ወይ» ላልከው መልሱ ይኸው ነው ወንድሜ፤ ነበረ። ከዚህ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። በ40ኛው ሰከንድ የሚጀምር ለውጥ ከከረንቱ ስርጭት አልመጣም፤ 2 ሰከንድ የሚፈጅ ነገር 40 ሰከንድ አይጠብቅም። ከረንቱ የሚከተለው ዘገምተኛ ጌታ አለው፤ እሱን ፈልጉ።

ኃይል በመጨመር ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ይህ ነው። ሎወር ሃይብሪድ ቀዝቀዝ ባለ ፕላዝማ ከማዕከል ወጣ ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። በላንዳው መርህ (ሞገድ ኃይሉን አብረውት በእኩል ፍጥነት ለሚሄዱ ኤሌክትሮኖች የሚሰጥበት) ሞገዱ በደንብ የሚዋጠው ትይዩ ኢንዴክሱ 6.5 ለሙቀቱ ስኩዌር ሩት ሲካፈል ከሚሰጠው ቁጥር ጋር ሲቀራረብ ነው፤ በ2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት 4.6 ይመጣል፣ አንቴናው የሚለቀው ደግሞ 2.04። ያ ክፍተት የሚሞላው ሞገዱ ደጋግሞ እየተንሸራሸረ ኢንዴክሱ ሲያድግ ነው። የት እንደሚያርፍም አስቀድሞ በትክክል መናገር ያስቸግራል። ኃይሉን በአንዴ ብትጨምሩ የከረንቱ ቅርጽ መሃሉ ሊጎደጉድ ይችላል፤ ሶውቱዝ (የማዕከሉ ሙቀት በየጊዜው የሚወጣበትና የሚወድቅበት መወዛወዝ) ይጠፋል፣ ዝቅተኛው ሴፍቲ ፋክተር (የመስክ መስመሮቹን ጥምዝ የሚለካ ቁጥር) ወደ 1.5 ወይም ወደ 2 ይጠጋል፣ ከዚያም የማግኔት ደሴት (የመስክ መስመሮች ተቆርጠው የሚዘጉበት ክፍል) ይከፈታል። ደሴት ሲከፈት ፈጣን ኤሌክትሮኖች ያመልጣሉ፣ የሚነዳው ከረንት ይወርዳል፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ «ኃይል ጨምር» ይላል። ክበቡ ተዘጋ ማለት ነው። በፈረንሳይ ካዳራሽ በነበረው ቶር ሱፕራ ላይም በዜሮ ሉፕ ቮልቴጅ ሾቶች የማዕከሉ ሙቀት በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ሲወዛወዝ ታይቷል፤ የከረንቱ ቅርጽና የሙቀቱ ማጓጓዝ እርስ በርስ ሲነዳዱ የሚመጣ ነገር ነው።

ስለዚህ መጨመር ካለበት ከ0.1 እስከ 0.2 ሜጋዋት በሆነ እርምጃ፣ በየእርምጃው መካከል ቢያንስ 5 ሰከንድ ጠብቆ፣ ውስጣዊ ኢንዳክታንሱንና (የከረንቱን ቅርጽ የሚያሳየውን) የሚርኖቭ ጥቅልሎቹን (የማግኔት መወዛወዝ የሚለኩትን) እያዩ። ከሁሉ ይልቅ ግን የጋይሮትሮኑን ጨረር ማዕከል ላይ አነጣጥሮ ሙቀቱን ማሳደግ ይሻላል፤ ሬዚስታንሱ ይወርዳል፣ ሎወር ሃይብሪዱም በደንብ ይዋጣል፤ ሁለት ወፍ በአንድ ድንጋይ ነው። በ140 ጊጋኸርዝ ያለው የእፍጋት ጣሪያ 1.2 × 10²⁰ ስለሆነ እዚያ ችግር የለም። ጨረሩ ከረንትም እንዲነዳ በቶሮይድ አቅጣጫ 20 ዲግሪ ያህል ያጋድሉት። የፕላዝማው ከረንት አቅጣጫ ሲገለበጥ የመስታወቱን አንግል አብሮ አለመገልበጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያኔ ጋይሮትሮኑ ከረንቱን ይቃወማል፣ ሉፕ ቮልቴጁም «ያለ ምክንያት» ይወጣል።


ቶሮይድ_5፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እፍጋቱን አየሁት፤ ከ3 ወደ 3.9 ወጥቷል፣ ጭማሪው የሚጀምረው ቮልቴጁ ከመነሳቱ ጥቂት ሰከንድ ቀድሞ ነው። የኤክስሬዩ መሃል መስመሮች ወደ ግማሽ ወርደዋል።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ፦ አሁን ሶሌኖይዱም ከረንቱን ይቆጣጠራል፣ ሎወር ሃይብሪዱም ቋሚ ኃይል ነው። ርክክቡ እንዴት ነው የሚደረገው? ማግኔታዊ መለኪያዎቹ በረጅም ጊዜ የሚንሸራተቱት ነገርስ የዚህ አካል ሊሆን ይችላል?


ግብረ_መልስ፦

መጀመሪያ መንሸራተቱን ላስወግደው። የኢንቴግሬተሩ (የጥቅልሉን ቮልቴጅ በጊዜ እየደመረ መስኩን የሚሰጠው መሣሪያ) ስሕተት 1 ማይክሮቮልት ነው እንበል። በ1000 ሰከንድ 1 ሚሊቮልት ሰከንድ ይጠራቀማል፤ ውጤታማ ስፋቱ 0.1 ስኩዌር ሜትር በሆነ ጥቅልል ላይ ይህ 10 ሚሊቴስላ ነው። በፕላዝማው ዳር የፖሎይድ መስኩ (በፕላዝማው ቁርጥ ዙሪያ የሚሄደው) 0.22 ቴስላ ስለሆነ 4.5 በመቶ ስሕተት ይሆናል። ያ የፕላዝማውን ዳር ያንቀሳቅሳል፣ አንቴናው ፊት ያለውን ክፍተት ይለውጣል፣ ግሪል ወደተናገረው ችግር ያደርሳል። በ40 ሰከንድ ግን 0.4 ሚሊቴስላ ብቻ ነው። የዛሬው ጥፋተኛ እሱ አይደለም፤ ሾቱ ወደ 1000 ሰከንድ ሲሄድ ግን ይመጣል። ከሾቱ በፊት ያለ ፕላዝማ፣ የቶሮይድ መስኩ በርቶ፣ ሾቱ ለሚቆይበት ጊዜ ሙሉ ኢንቴግሬተሮቹን አሂደው የመንሸራተቻውን ቁልቁለት ይቅዱ። በፈረንሳይ እየተሠራ ላለው ትልቅ ቶካማክ ለኢተር ከቫክዩም ዕቃው ውጭ የቢስመት ሆል ዳሳሾች የተመረጡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ መስኩን በቀጥታ ይለካሉ፣ የሚጠራቀም ነገር የለም።

ወደ ርክክቡ። ሶሌኖይዱና ሞገዱ ሁለቱም አንድን ከረንት ከተቆጣጠሩ በአንድ መሪ ላይ ሁለት ሾፌር ማለት ነው። ቶር ሱፕራ ላይ የተሠራበት መንገድ ንጹሕ ነው፤ ሶሌኖይዱ የዳሩን ፍለክስ ቋሚ አድርጎ ይይዛል፣ ከረንቱን የሚቆጣጠረው የሎወር ሃይብሪዱ ኃይል ነው። በተግባር ከረንቱን በሶሌኖይዱ ታሳድጋላችሁ፣ በማሳደጊያው መሃል 0.5 ሜጋዋት ያህል ሞገድ ታስገባላችሁ፤ ፕላዝማው ሲሞቅ ፍለክስ ይቆጠባል። ጠፍጣፋው ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ሶሌኖይዱ ከረንቱን እንደያዘ ሞገዱን ወደ ሥራ ኃይሉ ታወጣላችሁ፣ ከ7 እስከ 8 ሰከንድ ትጠብቃላችሁ። አማካዩ ቮልቴጅ ከ5 ሚሊቮልት በታች ሲሆን ነው ሶሌኖይዱ የሚታሰረውና የከረንቱ ስሕተት ወደ ሞገዱ የሚዞረው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፍጥነቱ ነው። የፕላዝማው የኢንዳክታንስና የሬዚስታንስ ጥምርታ 13 ሰከንድ ነው። ለሶሌኖይዱ የተስተካከለውን ፈጣን ተቆጣጣሪ ሞገዱ ላይ ከጫናችሁት ኃይሉ ከጣሪያ ወደ ወለል እየዘለለ ይወዛወዛል። የኢንቴግራል ጊዜው በአሥር ሰከንድ ደረጃ ይሁን፤ ክላይስትሮኖቹ ጣሪያ ሲነኩ ኢንቴግራሉ ማጠራቀሙን ያቁም። የዚያው 13 ሰከንድ በጎ ጎን ደግሞ አለ፤ አንድ ክላይስትሮን ለ200 ሚሊሰከንድ ቢቋረጥ ከረንቱ 1.5 በመቶ እንኳ ቢወርድ ነው። ለእያንዳንዱ ቁርጥ ሶሌኖይዱን ማስነሳት አያስፈልግም።

ጣሪያውን ስትነኩስ? ቮልቴጁ ለጥቂት ሰከንድ ከ10 ሚሊቮልት በላይ ከቆየ ዒላማውን ራሱን ከ500 ወደ 450 ኪሎአምፔር ዝቅ አድርጉ። የሚነዳው ይቀንሳል፣ ለተመሳሳይ ግፊት የቡትስትራፑ ድርሻ ደግሞ ያድጋል። ኮንፋይንመንቱ (ፕላዝማው ሙቀቱን የመያዝ አቅሙ) ከከረንቱ ጋር ማለት ይቻላል በቀጥታ ስለሚሄድ ትንሽ ሙቀት ታጣላችሁ። ፍለክስ ከማቃጠል ግን ይሻላል፤ የተቃጠለ ፍለክስ በዚያው ሾት ውስጥ አይመለስም።

ሉፕ ቮልቴጁን የምታነቡበትንም አጣሩ። ቅርጽ የሚይዙት ጥቅልሎች ሲንቀሳቀሱ ሉፑ ላይ የራሳቸውን ቮልቴጅ ይጨምራሉ። ከኢኩሊብሪየም (የፕላዝማው የማግኔት ሚዛን) ስሌት የሚገኘው የፕላዝማ ዳር ፍለክስ ነው የሚታመነው።


ግድግዳ፦

@ደሴት የተናገረው ዘገምተኛ ጌታ ግድግዳው ነው። ሦስት ሰዓቶች አሉ፤ የኢነርጂ ኮንፋይንመንት ጊዜ ከሰከንድ በታች ነው፣ የከረንት ስርጭት ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ግድግዳው ግን በአሥር ሰከንዶችና በደቂቃዎች ይሄዳል። እስከ 40ኛው ሰከንድ 84 ሜጋጁል ገብቷል። በቀጥታ በውሃ የሚቀዘቅዘው የተንግስተን ብሎክ በሰከንዶች ውስጥ ሙቀቱ ይረጋል። ከዳይቨርተሩ (የፕላዝማው ሙቀትና ጋዝ ከሚወጣበት ክፍል) ጀርባ ያሉ መሸፈኛዎች፣ የመግቢያ በሮች ጠርዝ፣ የአንቴናው ዳር መከላከያ ግን በጨረራ ብቻ ቀስ ብለው ይሞቃሉ፤ ሲሞቁ ያመቁትን ዲዩተሪየም ይለቃሉ።

ይህን ለማረጋገጥ የጋዝ ቫልቩን ትእዛዝ ከእፍጋቱ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ሳሉት። ቫልቩ ተዘግቶ እፍጋቱ የሚወጣ ከሆነ የእፍጋት ቁጥጥር የላችሁም፤ የሚቆጣጠረው ግድግዳው ነው። የሚለቀቀው ጋዝ በቫልቭ አይዘጋም፣ በፓምፕ ብቻ ነው የሚወጣው። የዳይቨርተሩን መርገጫ ነጥብ (የፕላዝማው ዳር መስመር ዳይቨርተሩን የሚነካበትን) ወደ ክራዮፓምፑ (ጋዝን በቅዝቃዜ የሚይዝ ፓምፕ) አፍ ማስጠጋት በአንድ ሾት ውስጥ የሚሞከር ነው። ቦሮን ወይም ሊቲየም መቀባት ለጥቂት ሾቶች ግድግዳውን ጋዝ መጣጭ ያደርገዋል፤ በቻይናው ቶካማክ በኢስት ላይ ሊቲየም ዳሩን በማሳሳት ለሎወር ሃይብሪዱም የጠቀመው በዚሁ መንገድ ነው። ግን ይሞላል፤ ሊቲየምን እንደ ዘላቂ መፍትሔ ቆጥሮ የ1000 ሰከንድ ዕቅድ ማውጣት አይገባም።

ሌላው የረጅም ሾት ገዳይ ከግድግዳ የሚረግፍ ቅርፊት ነው። ተከማችቶ የተላጠ የተንግስተን ወይም የካርቦን ቁራጭ ሲወድቅ የጨረራው ኃይል ድንገት ይዘላል፣ ፕላዝማው ይቀዘቅዛል፣ ሬዚስታንሱም ከሙቀቱ የ1.5 ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ ይጨምራል። ቦሎሜትሩ (የጨረራውን ኃይል የሚለካው) ላይ ሹል ጫፍ ካለ ያ ነው። የእናንተ ቀስ ያለ ጭማሪ ስለሆነ እሱ አይመስልም።

በዓለም የታዩት ረጃጅም ሾቶችም በአብዛኛው በዚህ ጉዳይ ላይ የተፈተኑ ናቸው። ቶር ሱፕራ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ከ6 ደቂቃ በላይ ሄዶ ከ1 ጊጋጁል በላይ ኢነርጂ አሳልፏል። ኢስት በዲሴምበር 30፣ 2021 1056 ሰከንድ፣ በጃንዋሪ 20፣ 2025 ደግሞ በከፍተኛ ኮንፋይንመንት 1066 ሰከንድ ደረሰ። ከዚያ ሳይቆይ ዌስት፣ የቶር ሱፕራ ወራሽ በተንግስተን፣ በፌብሩዋሪ 12፣ 2025 በ2 ሜጋዋት ሎወር ሃይብሪድ 1337 ሰከንድ ሄደ። የዌስትን ኃይል ልብ በሉ፤ 2 ሜጋዋት ነው። የሰፊ ኃይል ጉዳይ ሳይሆን ለ22 ደቂቃ እፍጋትን፣ ክፍተትንና ግድግዳን አንድ ቦታ የማቆም ጉዳይ ነው።


ኳንተም_ቡና፦

ስቴላሬተር ሥሩና ይህ ሁሉ ጣጣ ይቅር።


ቮልት_ሰከንድ፦

@ኳንተም_ቡና ስቴላሬተር መስኩን በውጭ ጥቅልሎች ብቻ ስለሚሠራ ከረንቱ ይቀራል፣ ግድግዳው አይቀርም። የጀርመኑ ስቴላሬተር ቬንደልስታይን 7-ኤክስም በ2023 ለ8 ደቂቃ 1.3 ጊጋጁል ለማሳለፍ መጀመሪያ በውሃ የሚቀዘቅዝ ዳይቨርተር መግጠም ነበረበት።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር፦ በዚህ ክር ያለውን ሒሳብ ወደ ትልቅ ማሽን ስትወስዱ «ሁሉንም በሞገድ እንንዳው» የሚለው ይፈርሳል። ኢተር 6.2 ሜትር ሬዲየስ አለው። 15 ሜጋአምፔርን በ10²⁰ እፍጋት፣ በ0.3 ብቃት እንኳ ሙሉ በሙሉ ለመንዳት 310 ሜጋዋት ያስፈልጋል፤ ከማሽኑ የሚጠበቀው የፊውዥን ኃይል 500 ሜጋዋት ነው። ለዚህ ነው 15 ሜጋአምፔሩ በሶሌኖይድ ለ300 እስከ 500 ሰከንድ የታቀደው፣ የረጅሙ 3000 ሰከንድ ዕቅድ ደግሞ ዝቅ ባለ ከረንት፣ 9 ሜጋአምፔር አካባቢ፣ ግማሽ ያህሉ በቡትስትራፕ የሚሆነው። በ0.7 እፍጋት 9ኙን ሁሉ መንዳት 130 ሜጋዋት ይወስዳል፤ 4ቱን ቡትስትራፕ ከያዘ ወደ 72 ይወርዳል። እዚያ የከረንቱ ስርጭት ጊዜ ራሱ በመቶዎች ሰከንድ ስለሆነ፣ 300 ሰከንድ የሄደ ሾት የከረንቱን ቅርጽ ገና አንዴ እንኳ አላረጋጋም።


ቶሮይድ_5፦

ቫልቩን ከእፍጋቱ ጋር ሳልኩት። ትእዛዙ ከ31ኛው ሰከንድ ጀምሮ ዜሮ ነው፤ እፍጋቱ መውጣት የሚጀምረው 34 ላይ ነው። ቦሎሜትሩ ላይ ሹል ጫፍ የለም። አንቴናው አጠገብ ያለው መርጫ ግን በቋሚ መጠን ተከፍቶ ነበር፤ የእፍጋት ቁጥጥሩ አያውቀውም።


ግሪል፦

እንግዲህ ሁለት ምንጭ አለ፤ ግድግዳውና ያ መርጫ። መርጫውን መጀመሪያ ይዝጉት፣ የአንቴናውን ክፍተት በ5 ሚሊሜትር ያጥቡ፣ የሚመለሰው ኃይል ከ5 በመቶ በታች መቆየቱን በ10 ሰከንድ አጭር ሾት ይዩ። ከቆየ ሙሉውን ሾት በ2.7 × 10¹⁹ እፍጋት ይጀምሩት። በዚያ እፍጋት 1.9 ሜጋዋት ስለሚበቃ ካላችሁ 2.1 ውስጥ 0.2 መጠባበቂያ ይተርፋል፣ ቫልቩም የሚዘጋበት ሰዓት ይዘገያል።


ግድግዳ፦

መርገጫ ነጥቡንም በዚያው ሾት ወደ ፓምፑ አታንቀሳቅሱ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ለቀጣዩ ያቆዩት። የአንቴናው ክፍተት ሲጠብ የጎኑ መከላከያ ይበልጥ ስለሚሞቅ ካሜራው እሱን የሚያሳይ መሆኑን ከሾቱ በፊት ያረጋግጡ።